የአረንጓዴው ማሳ ገመና

ደባልቄ መቀመጥ የማይሆንለት ሰው ነበር። ጉርሻው ገና ከአፉ ሳይወርድ ከመደቡ ብድግ ይላል፤ ደጅ ወጥቶ ሰማዩን ያያል፤ በሬውን ያለ ምክንያት ከዚህ ችካል ፈትቶ እዚያ ችካል ላይ ያስረዋል፤ ተመልሶ ይገባና ደግሞ ይቆማል። «አንተ ሰው፣ መቀመጫህ ላይ እሾህ በቅሏል ወይ?» ትለዋለች ሚስቱ በቀለች። እሱም ይስቅና ይቀመጣል... ሁለት ጉርሻ ያህል። ከአሶሳ ከተማ የግማሽ ቀን የእግር መንገድ ርቃ በተቆረቆረችው የወሎ ሠፋሪዎች አምባ ውስጥ ይህን ጠባዩን የማያውቅ አልነበረም። አንዳንዱ የሥራ ሰው ስለሆነ ነው ይላል፤ አንዳንዱ ደግሞ ሐዘን ነው እንዲህ የሚያንቀዠቅዠው ይላል። ሁለቱም ልክ ነበሩ።

ያ ሐዘን እንዴት ያለ ሐዘን ነበር! በሰባ ሰባቱ ድርቅ ከሐብሩ ቀያቸው ተነቅለው ወደዚህ አገር ሲመጡ፣ ደባልቄና በቀለች ሁለት ልጆች ይዘው ነበር፤ የሰባት ዓመቱን ቢሻውንና ገና አፏን የፈታችውን ሎዛን። ከራብ ያመለጡት ልጆች ከወባ አላመለጡም። በመጀመሪያው ክረምት፣ በዘጠኝ ቀን ልዩነት፣ አባትየው በገዛ እጁ ሁለት ትንንሽ ጉድጓዶች ቆፈረ። ከዚያ ወዲህ እግዚአብሔር ሌላ ልጅ አልሰጣቸውም። አምባው ዳር፣ ከሾላው ሥር፣ ጎን ለጎን ያሉትን ሁለት የድንጋይ ክምሮች ደባልቄ በየሳምንቱ እየሄደ ያርማቸዋል። ለእሱ አገር ማለት እዚያ ነው። ለበቀለች ግን አገር ማለት እናቷ ነበሩ። እማማ ጸሐይነሽ በዚያ ክፉ ዘመን «መንገድ ላይ ከምሞት ቤቴ ልሙት» ብለው አምባው ከሚባለው ወንድ ልጃቸው ጋር ሐብሩ ቀርተው፣ ራቡን አልፈው፣ በሕይወት አሉ። «ተመልሼ እመጣለሁ፣ እናቴ» ብላቸው ከተለየቻቸው አሥራ አንድ ዓመት ሞላት። ባል ከሙታን፣ ሚስት ከሕያው የተሳሰሩበት ቤት እንዴት አድርጎ ይረጋል?

ያን ጊዜ አገሩ ሁሉ አልረጋም ነበር። ደርግ ወድቆ፣ ክልል የሚባል ነገር መጥቶ፣ አሶሳ የአዲሱ ክልል ዋና ከተማ ሆናለች። በየገበያው የማይወራ ወሬ አልነበረም። ዛሬ «ሠፋሪ ወደ መጣበት ይመለስ ተብሏል» ይባላል፤ ነገ «ኧረ የለም፣ ያረሰ ባለበት ይቆያል» ይባላል። የአምባው ሰው ግማሽ ያህሉ ጓዙን ጠቅልሎ ሄዷል፤ የቀርከሃ ግድግዳቸው የዘመመ ባዶ ቤቶች በየመንገዱ ዳር ይታያሉ። አንድ ጎረቤት በተነሣ ቁጥር በቀለች እስከ መኪናው መንገድ ትሸኛለች፤ የነጠላዋን ጫፍ አርጥባ ትመለሳለች።

«ደባልቄ፣ እናቴን እርጅና ተጫጭኗታል» አለችው አንድ ቀን። «ዓይኗን ሳላየው እንዳትሞትብኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

«ባዶ እጄን አማቴ ደጅ ልቁም? ራብ ነድቶ ያስወጣኝ ሰውዬ፣ ራብ ነድቶ መለሰኝ ልበል?»

እንዲህ ይበል እንጂ የልቡ ሌላ ነበር። በቀለች አንዴ ከእናቷ ጉያ ከገባች እንደማትመለስ ያውቀዋል። እሷ ካልተመለሰች እሱ ከማን ጋር ይኖራል? እሷን ተከትሎ ከቀረ ደግሞ ልጆቹን ለማን ይተዋቸዋል? ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ ፈለገ፤ ሚስቱን በዚህ መሬት ላይ የሚያስቀር፣ ዓይን የሚሞላ ምርት። መሬቱ ግን ደክሟል። አሥራ አንድ ዓመት ሲያርሱት በኖሩት ማሳ ላይ ማሽላው ከዓመት ዓመት እያጠረ፣ ራሱ እየሳሳ መጥቷል።

በሰማንያ ስምንት ዓመተ ምሕረት ግንቦት ላይ ነው ገቢሳ በብስክሌቱ የመጣው። ገቢሳ የወለጋ ልጅ፣ ረጋ ያለ ጴንጤ፣ በአካባቢው የተመደበ የልማት ሠራተኛ ነው። ካሳቫ የሚባለውን፣ ሥሩ የሚበላ ተክል ቁራጭ ግንዶች በጆንያ አስጭኖ፣ ዳፕና ዩሪያ የሚባሉትን ማዳበሪያዎች አስከትሎ፣ ለሠርቶ ማሳያ የሚሆን ማሳ የሚሰጥ ገበሬ ሲፈልግ፣ ከሰው ሁሉ ቀድሞ ብድግ ያለው ደባልቄ ነው። መቼስ እሱ ለመነሣት ማን ብሎት!

«ጋሽ ደባልቄ፣ ማሎ፣ እባክዎ፣ በደንብ ይስሙኝ» አለው ገቢሳ ማሳው ውስጥ ቁጢጥ ብሎ። «ይሄ እንደ ማሽላ አይደለም። ሀብቱን ራሱ ላይ አይሸከምም፤ መሬት ውስጥ ነው የሚደብቀው። ሥሩ ደግሞ ወደ ታች አይደለም፣ ወደ ጎን ነው የሚሄደው፤ ከላይ ከላይ። ማዳበሪያውን ከግንዱ አንድ ስንዝር ራቅ አድርገው፣ ጎድጎድ አድርገው፣ በልኩ ጨምረው አፈር ያልብሱት። ዩሪያ ሲበዛ ቅጠል ነው የሚያበዛው። አረሙን በእጅ ብቻ። ከዚያ ይተዉት፤ ዓመት ከመንፈቅ ይታገሡት። ይሄ የደከመ መሬት ሦስት እጥፍ ባይሰጥዎት እኔ እዚህ አገር አልገኝም።»

«ዓመት ከመንፈቅ!» አለ ደባልቄ። ለእሱ ዓመት ከመንፈቅ ሳያዩ መጠበቅ ማለት ምን እንደሆነ ገቢሳ ከየት ያውቃል?

እንዲህ ያለ ምርት ካየች እናቷን ጠይቃ ትመለሳለች ብሎ፣ በዚያው ቀን ቤቱ ገብቶ ለሚስቱ ቃል ሰጠ። «በቄ፣ ካሳቫው በተነቀለ በሳምንቱ ከእናትሽ ደጃፍ አቆምሻለሁ። እጃችን ሞልቶ ነው የምንሄደው። ቃሌ ነው!» በቀለች ዓይኑን ትክ ብላ አየችው። ከዚያም «እንግዲህ እግዜር እናቴን እስከዚያ ያቆይልኝ» ብላ ሥራዋን ቀጠለች። አመነችው።

ተተከለ፤ በቀለ። የመጀመሪያው ማዳበሪያ በተባለው መንገድ ገባ። ነሐሴ ሲደርስ ካሳቫው ከጉልበት በላይ አለ፤ ሁለተኛው ዩሪያ የሚጨመርበት ጊዜም ደረሰ። ገቢሳ ግን ለግምገማ አሶሳ ተጠርቶ ሦስት ሳምንት ቆየ። እዚህ ላይ ነው እንግዲህ ነገር የተበላሸው።

በሐብሩ ማሽላ ጉልበት ሲደርስ ሽልሻሎ ይገባለታል። በሬ ጠምደው በቆመው ሰብል መካከል ያርሱታል፤ አረሙ ይገለበጣል፣ አፈሩ ይላላል፣ የቀረው ማሽላ ይፋፋል። ሽልሻሎ ያላስገባ ገበሬ ሰነፍ ነው፤ ለቅሶ ቤት እንኳ ሳይቀር ይታማል። ደባልቄ ደግሞ በሽልሻሎ ስሙ የተጠራ ሰው ነበር። ወጣት ሳለ ትልሙ ቀጥ ከማለቱ የተነሣ ሌሎች ገበሬዎች ሊያዩት ይመጡ ነበር። ያን የመሰለ አራሽ አሁን እንደ ሽንኩርት መደብ በጣቱ እየጫረ፣ ተንበርክኮ፣ አንድ በአንድ አፈር ሊያለብስ? እጁ አላስችል አለው። «ማዳበሪያስ ቢሆን በማረሻ ቢቀበር አይሻልም?» ብሎ ለራሱ ጠየቀ፤ ለራሱም መለሰ። ዩሪያውን ከተለካለት እጥፍ አድርጎ በጭብጡ በተነው፤ በሬውን ከጎረቤቱ በሬ ጋር አቀናጅቶ ጠመደ።

ሐመድ በመንገዱ ሲያልፍ ያየው ያኔ ነው። ሐመድ የአገሬው የበርታ ሰው ነው፤ መሬቱን ከአባቶቹ ጀምሮ የሚያውቅ፣ ለሠፋሪዎቹ የሚበላ ቅጠልና የሚጠጣ ውኃ ያሳየ ጎረቤት።

«ያ ደባልቄ! በሬ እዚህ ምን ይሠራል?» አለ ቆም ብሎ። «ይህ ሰብል ልጁ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። ማረሻ ሆድ ውስጥ አይገባም፣ ወላሂ! እኛ አመድ ብቻ ነው የምንሰጠው፤ ከዚያ እንተወዋለን።»

«አያ ሐመድ፣ እናንተ በሬ ስለማትጠምዱ ነው» አለ ደባልቄ እየሳቀ። «ሽልሻሎ ያልገባለት ሰብል አባት እንደሌለው ልጅ ነው። አሁን ቆይተህ ታየዋለህ።»

ሐመድ ራሱን ነቅንቆ ሄደ። ደባልቄ ጅራፉን አጮኸ። ማሳው እንዴት ያምር ነበር ያን ቀን! ትልሙ ቀጥ ያለ፣ አፈሩ ጥቁር። በማረሻው ጫፍ ላይ ነጫጭ ሥሮች እየተጠላለፉ ሲወጡ አይቷል። የአረም ሥር ነው ብሎ በእግሩ ገፋቸው። ከመንገዱ ዳር፣ አሮጌ ጉቶ ያለበት አንድ ጥግ ብቻ፣ በሬዎቹ መዞር ስላልቻሉ አራት አምስት ግንድ ሳይነካ ቀረ።

በማግስቱ ካሳቫው ጠወለገ። ሦስት ቀን ደባልቄ እህል አልቀመሰም፤ ከቤት ማሳ፣ ከማሳ ቤት ሲመላለስ ዋለ። በአራተኛው ቀን ዝናቡ ወረደ፤ ያ ሁሉ ዩሪያ ሠራና ቅጠሉ ቀና። ከዚያማ ማን ይቻለው! ገቢሳ ሲመለስ ማሳው ጥቁር አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀው።

«በእጅ ነው አይደል የኮተኮቱት?» አለ ገቢሳ ዙሪያውን እያየ።

«በእጄ ነው እንጂ በምን?»

አለው። ውሸቷ ከአፉ የወረደችው እንደ ውኃ ነው። ደግሞስ ሰብሉ እያማረ ማንን ጎዳሁ ብሎ ይናዘዝ?

ዓመቱ አለፈ። ካሳቫው ከሰው ቁመት በላይ ሆነ። ከሌላ አምባ ሰው እየመጣ ያየዋል፤ በጣቱ ቅጠሉን ይለካል፤ «ደባልቄ በለስ ቀናው» ይላል። በቀለች እንኳን ማታ ማታ ማሳው ዳር መቆም ጀመረች። እህል በራሱ ላይ ሲታይ፣ ቅጠል ሲያምር ደስ የሚለው የእነሱ አገር ሰው ነው፤ ቁመት ያለው ሁሉ ፍሬ ያለው ይመስለዋል። «ለእናቴ ምን ልውሰድላት?» ትላለች። «ጋቢ ይሻላል ወይስ ቀሚስ? ብርድ አትችልም እኮ።» ልጆቿ ከሞቱ ወዲህ እንዲያ ስትስቅ አይቷት አያውቅም። ለዚህ ሳቅ ሲል ደባልቄ የማያደርገው ነገር አልነበረም። ምነው ባላደረገውስ!

በሰማንያ ዘጠኝ ሰኔ ላይ ትዕግሥቱ አለቀ። አትንካው ቢባልም ሰው ሳያየው አንዱን ግንድ ሥሩን ጫር አድርጎ ሊያየው ቆረጠ። መሃል ማሳ ቢቆፍር ይታወቅበታል። ጉቶው በከለለው ጥግ ተንበረከከና በጣቱ ጫረ። የእጁን ክንድ የሚያህል ሥር! አፈሩን መልሶ አለበሰው፤ ጉቶው ላይ ቁጭ ብሎ እንደ ሕፃን አለቀሰ። ተሳካልኝ፣ አልሄድም፣ ልጆቼን አልተውም አለ። ወይ ነዶ! ከመሃሉ አንዱን ብቻ ቢነካ ኖሮ! ማረሻው ያልደረሰበትን ጥግ መርጦ ሲያይ ማን ይንገረው?

ደብዳቤው የመጣው በወሩ፣ ሐምሌ ላይ ነው። ከወሎ የተመለሰ አንድ ነጋዴ ለደባልቄ በእጁ ሰጠው። ደባልቄ በመሠረተ ትምህርት ፊደል ቆጥሯል፤ ከቤቱ ጀርባ ቆሞ ቃል በቃል እየገጣጠመ አነበበው። የጻፈው የበቀለች ወንድም አምባው ነው።

«ለወንድማችን ለደባልቄ፣ ለጤናህ እንደምን አለህ። እናታችን ከሰኔ ሚካኤል ወዲህ ከአልጋ አልተነሡም። የሚጠሩት በቀለችን ነው። በር በተከፈተ ቁጥር ደረሰች ወይ ይላሉ። እዚህ የተመለሱ ሰዎች ያ አገር ሠፋሪውን ጨርሶታል እያሉ ያወራሉ፤ እናታችንም ሰምተዋል። በእግዚአብሔር ስም ቶሎ አምጣት። መምጣት ባትችሉ እንኳ በሕይወት መኖሯን በሁለት መስመር አስታውቁን።»

ሊነግራት ገባ። በቀለች ማሽላ ታበጥራለች፤ የሆነ ዜማ በአፏ ይዛለች። ወጣ። ደግሞ ገባ። ሦስት ጊዜ ገብቶ ሦስት ጊዜ ወጣ።

«ምን ሆነሃል?» አለችው።

«ምንም።»

ምንም! ሦስት ወር ብቻ ነው የቀረው አለ በልቡ። አሁን መንገዱ ጭቃ ነው፤ ማሳውን ትተን ብንሄድ ጃርትና ከርከሮ ይፈነጭበታል፤ ሦስት ወር ለአሮጊት ምንም አይደለም፤ ያኔ እጃችን ሞልቶ እንገባለን። ይህን ሁሉ ለራሱ ደረደረ። ግን ሁለቱን መስመርስ? በሕይወት አለች የምትለዋን ሁለት መስመር ለመጻፍ የትኛው ጭቃ፣ የትኛው ከርከሮ ከለከለው? መልስ ከጻፈ መልስ ይመጣል፤ መልስ ከመጣ በቀለች ትሰማለች። ደብዳቤውን በአሮጌ ኮቱ ገበር ውስጥ ሰፋው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ክረምት ደባልቄ እንደ ሰው አልኖረም። ፊቱ ከሳ፤ ሲጠሩት ይደነግጣል፤ ከወሎ የመጣ ሰው ካየ መንገድ ይለውጣል። በቀለች የታመመ መስሏት ተጨነቀች፤ እየጎተተች ጤና ጣቢያ ወሰደችው፤ ለእናቷ የያዘችውን ማር ለእሱ እያጠጣች አስታመመችው። እያንዳንዷ ማንኪያ በጉሮሮው ስትወርድ ምን ተሰምቶት ይሆን?

ጥቅምት መጨረሻ ላይ፣ የመስክ ቀን ተብሎ ሕዝብ ተሰበሰበ። ከአምስት አምባ የመጣ ገበሬ፣ ከወረዳ የመጡ እንግዶች፣ ሐመድና ዘመዶቹ ማሳውን ከበቡ። በቀለች ነጭ ነጠላዋን አጣፍታ ከሴቶቹ ፊት ቆማለች። ገቢሳ ስለ ማዳበሪያ ተናገረ፤ ስለ ትዕግሥት ተናገረ፤ ከዚያም «ባለቤቱ ራሱ ይንቀልልን» አለ። ተጨበጨበ። ደባልቄ ከመሃል ማሳ ትልቁን ግንድ መረጠ፤ ወገቡን አጥብቆ፣ እግሩን ተክሎ፣ በሁለት እጁ ሳበው።

ግንዱ ያለ ምንም ትግል ወጣ። ደባልቄ ወደ ኋላ ሊወድቅ ደረሰ። በጫፉ ላይ የነበረው ጠቁሮ የበሰበሰ ጉማጅ ነው፤ ሽታው የቆሙትን አፍንጫ አስያዛቸው። «ይህ ታሞ ነው» አለና ሁለተኛውን ነቀለ። ሦስተኛውን። አራተኛውን። እንደ እብድ ከግንድ ግንድ እየሮጠ ይነቅላል፤ አንዱ ጣት የምታህል ሥር አለው፣ ሌላው ያም የለውም።  ገቢሳ ተንበርክኮ አንዱን ጉማጅ በእጁ አገላብጦ አየው።

«ጋሽ ደባልቄ...» አለ በቀስታ። «ይሄ እኮ ማረሻ የቆረጠው ነው።»

ሐመድ ያኔ ወደ ጉቶው ጥግ በበትሩ አመለከተ። እዚያ ከቆሙት ግንዶች አንዱን ሦስት ጎልማሶች ተጋግዘው ሳቡት። ከመሬት የወጣው ነገር ሰውን አስጮኸ፤ የሕፃን ጭን የሚያህሉ ስድስት ሰባት ሥሮች፣ አፈራቸውን እንደተጎናጸፉ። የቀሩትም ግንዶች እንደዚያው ነበሩ። ገቢሳ ዕንባው መጣ። «ማሳው በሙሉ እንዲህ ነበር የሚሆነው» አለ ለማንም ሳይሆን። ሐመድ «ነግሬህ ነበር» ማለት ይችል ነበር፤ አላለም። ደባልቄን ክንዱን ይዞ ወደ ቤቱ ወሰደው።

ቤት ሲደርሱ በቀለች ምን ያደረገች ይመስላችኋል? አልጮኸችም፤ አልረገመችውም። ውኃ አምጥታ የጭቃ እጁን ታጥብለት ጀመር።

«ተወው፣ የኔ ዓለም» አለችው። «አንተ ሰው ምን ያላደረግከው አለ? መሬቱ አልፈልግም ካለ አልፈልግም ነው። እናቴ አለችልን። ባዶ እጃችንን ብንሄድ ትስቅብን እንደሆን እንጂ አታባርረን። ነገ እንነሣ፣ እ? ቃልህም ይኸው ነበር፤ ካሳቫው በተነቀለ በሳምንቱ።»

ፊቷ ላይ እኮ ደስታ ነበር! ያ የማሳ ውርደት ለእሷ ነፃ መውጣት ነው። ደባልቄ እጁን ከእጇ መንጭቆ ኮቱን አወረደ፤ ገበሩን በጥርሱ ተረተረው።

«ይህ ምንድን ነው?»

«ከወንድምሽ ከአምባው ነው... እናትሽ ታመው ነበር።»

«መቼ የመጣ ነው?»

«ሐምሌ።»

በቀለች አልተነሣችም። ጣቷን እያጠፈች ቆጠረች። «ነሐሴ... መስከረም... ጥቅምት...» ቀና ብላ አየችው። «ስስቅልህ ነበር እኮ፣ ደባልቄ። ነሐሴን ሙሉ ስስቅልህ ነበር።»

በሬው ተሸጠ። በሦስተኛው ቀን ከአሶሳ ተነሡ፤ አዲስ አበባ አድረው ደሴ፣ ከደሴ መርሳ። በአምስት ቀን መንገድ በቀለች አንድ ነገር ብቻ ነው የተናገረችው። በየማደሪያው «አንብብልኝ» ትለዋለች። ያነባል። «ደረሰች ወይ» ከሚለው ላይ ሲደርስ ያቆማል፤ እሷ እስኪጨርስ ትጠብቃለች።

መንደሩ ሲቃረቡ አንዲት ሴት ከምንጭ ስትመለስ አገኘቻቸው። ሴትዮዋ በቀለችን አየች፤ እንስራዋን ከጀርባዋ ለቀቀችው፤ «በስመ አብ!» ብላ እያማተበች ሸሸች። ልጆች ወደ ኋላ ሮጡ። አንድ ሽማግሌ አጥር ተደግፈው ጸሎት ያነበንቡ ጀመር። በቀለች ምንም አልገባትም። እየሮጠች ወደ እናቷ ግቢ ገባች። አምባው ከጎተራው ኋላ ብቅ አለና ድርቅ ብሎ ቀረ፤ ከዚያ ተጠግቶ ፊቷን በሁለት መዳፉ ዳሰሰ።

«አለሽ?» አለ። «በቀለች... አለሽ? ቀበርንሽ እኮ!»

ነገሩ እንዲህ ነበር፤ ክረምቱን ሙሉ የደብዳቤውን መልስ ሲጠብቁ ቆይተው መስከረም ሲጠባ እማማ ጸሐይነሽ ራሳቸው ተናገሩ። «ልጄ ብትኖር ዝም አትለኝም» አሉ። «ሞታብኛለች። እኔው በሕይወት ሳለሁ ላልቅስላት፤ ከኔ በቀር ማን ያለቅስላታል?» ዳስ ተጣለ። ለቅሶው ሦስት ቀን ተቀመጠ። እናትየው ከአልጋቸው በሰው ሸክም ወጥተው፣ ደረታቸውን እየደቁ፣ ለልጃቸው ሙሾ አወረዱ። ቄሱ ወለተ ማርያም የሚለውን የክርስትና ስሟን ጠርተው ፍትሐት አደረሱላት። ከዚያ በኋላ እማማ ጸሐይነሽ እህል የሚባል አልቀመሱም። ጥቅምት አጋማሽ ላይ፣ ደባልቄ ለመስክ ቀን ሽር ጉድ በሚልበት ሳምንት፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው መልሰው አረፉ። ሁለት መስመር! ሁለት መስመር ቢደርሳቸው ኖሮ...

በቀለች ከመቃብሩ ላይ ተደፋች። አፈሩ ገና አልደረቀም ነበር።

«ሳልሞት ከነነፍሴ አልቅሰሽ ቀበርሽኝ፣
ደጅሽ ብደርስ ዛሬ አንቺ ቀደምሽኝ...»

መንደሩ እንደ አዲስ አለቀሰ። ደባልቄ ከቤተ ክርስቲያኑ አጥር ውጭ ቆሞ ነበር፤ ግባ ያለውም፣ ሂድ ያለውም አልነበረም።

ሁለት ሳምንት ለመነ። ሽማግሌ ላከ፤ ድንጋይ ተሸክሞ እግሯ ሥር ወደቀ። በቀለች ስድብ አልወጣትም። «እናቴ፣ ልጄ ሞተች ብላ አልቅሳልኛለች» አለች ለሽማግሌዎቹ። «ቄሱ በስሜ ፍትሐት አድርሰዋል። የሞተች ሴት ባል የላትም።» ሽማግሌዎቹ በትራቸውን አንሥተው ተመለሱ።

ደባልቄ ሊመለስ በተነሣበት ጠዋት ግን ሳያስባት እስከ መኪናው መንገድ ተከትላው ወጣች። ስንቅ ቋጥራለታለች። ጎን ለጎን ቆመው አውቶብሱን ጠበቁ።

«በቄ... ከዚሁ ልቅር። ደጅ ልደር። እንደ ውሻ ከበርሽ ልተኛ።»

«አይሆንም» አለችው። ድምፏ የዋህ ነበር፤ ያ የበለጠ ገደለው። «ልጆቻችን ብቻቸውን ናቸው። ቢሻው ብቻውን አይወድም፤ ሎዛም ገና ሕፃን ናት። አንተ ካልሄድክ ማን አለላቸው? እኔ እናቴ ጋ እሆናለሁ፤ አንተ ልጆቻችን ጋ ሁንላቸው።»

«ይቅር ብለሽኛል?»

በቀለች ከትከሻው የወረደውን ጋቢ አንሥታ አስተካከለችለት።

ሰው መከራ ሲደርስበት «ዕጣ ፈንታዬ ነው፣ የጻፈልኝ ነው» ብሎ ሰማይ ሰማይ ያያል። እውነት ነው፤ ድርቁን ደባልቄ አላመጣውም፤ ወባውንም አልጠራውም። ከዚያ ወዲያ ያለውን ግን በማን ላይ ያላክከው? ሰው የሚወደውን እንዳያጣ ሲል ይዋሻል፤ እንዳይለየው ሲል ይደብቃል፤ በመጨረሻም በገዛ እጁ ከቤቱ ያስወጣዋል። አምላክ ከሚጽፍልን ዕድል ይልቅ እኛ ሳንጽፍ የምናስቀረው ሁለት መስመር ስንቱን ቤት አፈረሰ!

አውቶብሱ ከሩቅ አቧራ እያስነሣ መጣ። ደባልቄ አሁንም መልሷን እየጠበቀ ነበር።

«ሂድ» አለችው በቀለች። «ልጆቹ ይጠብቁሃል።»